ሸራው ሥር

ዐሥራ አንድ ዓመት መርከብ ሳራግፍ፣
የኮንቴይነር ቁጥር ስጽፍ፣ ሳሰልፍ፣
ባሕር አይቼ አላውቅም።
አታምኑኝ ይሆናል፤ ግን አልዋሽም።

ትራንዚተር ነኝ፤ ለገሃሬ ነው ቢሮዬ፣
ባሕሩ ስልኬ ውስጥ፣ ማዕበሉ ጆሮዬ።
"ወደብ ደርሷል ወይ?" "ጉምሩክ ምን አለ?"
"ሩዙ ተጫነ ወይስ ጅቡቲ ዋለ?"
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ከትራሴ ሥር ሲነዝር
በእንቅልፍ ልቤ እመልሳለሁ፣ ከነማኅተሙ ቁጥር።

የሰባት ቀን ፈቃድ ተፈረመልኝ፣ ሲወጣ ሰኔ፤
የቢሮ ሰው "ላንጋኖ"፣ "ጅቡቲ" ሲል፣ እኔ
መንገድ ተሻግሬ የጎረቤት በር አንኳኳሁ፣
ስልኬን እንደ ታመመች ጫጩት ደረቴ ላይ ይዤ ቆየሁ።

ጋሽ በዳሳ ባሕር ኃይል ነበሩ፣ ያኔ፣ ምጽዋ፤
ዛሬ ጎማ ይለጥፋሉ፣ ገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ።
ከዚያ ዘመን የተረፋቸው አንድ የጀልባ ሸራ ነው፣
ጠርዙ በጨው የደረቀ፣ መሐሉን አይጥ የቀመሰው።
ከዘይቱኑ ዛፍ እስከ ቆርቆሮው ጣሪያ ወጥረው
ጥላ አድርገውታል። ሰፈሩ "የበዳሳ መርከብ" ብሎ ሲስቅባቸው
"ውኃው ብቻ ነው የቀረው" ይላሉ፤
መርፌና ክር ይዘው ቀዳዳውን ይሰፋሉ።

"ይደብቁልኝ" አልኩ፤ ሌላ አልጨመርኩም።
የሙጫ ጣሳ ከፍተው ከተቱት፤ ለምን አላሉም።
"አቦ፣ ባሕር ላይም እንዲሁ ነው፤ በሦስተኛው ቀን
የየብስ ድምፅ ይቀርልሻል። እስከዚያ ግን
ያስመልስሻል።"

አስመለሰኝ።
ጭኔ ላይ፣ የሌለ ስልክ ነዘረኝ።
ባጃጅ በጮኸ ቁጥር "አቤት" አልኩ፤
ሦስቴ ወደ ጣሳው ሄድኩ፣
ሦስቴም ውኃ ልጠጣ የመጣሁ መስዬ ተመለስኩ።
በማግስቱ አለቀስኩ። ምክንያቱን አልነግራችሁም፤
እኔም አላገኘሁትም።

በሦስተኛው ቀን፣ ድሬ በርጫዋ ላይ ተቀምጣ፣
ፍየሏም ከጥላ ጥላ ስትሸሽ፣ ከቆላው ነፋስ መጣ።
ሸራው ተነፋ።
ገመዱ ሲጥ አለ፤ የዘይቱኑ ቅርንጫፍ ተገፋ።
ከዚያ መሬቱ ከሥሬ ሄደ፤
ሄደ እላችኋለሁ! አጥሩ አለፈኝ፣
የጨርቃ ጨርቁ ጭስ ማውጫ ወረደ፣
ከዚራ ከነዛፎቿ ወደ ኋላ ቀረች።
ጋሽ በዳሳ ካላማዳሪውን ሳፋ ውስጥ ነክረው
አረፋ ይጠብቃሉ። ትንፋሽ የምታመልጥበትን በጣታቸው ይዘው
"አየሽ? እዚህ ጋ ነች" አሉ፤
ስለ ጎማው ይሁን ስለ እኔ፣ አልነገሩኝም።

በአምስተኛው ሌሊት ደንገጎ ላይ ደመናው ጠቆረ።
ድሬ ላይ ጠብታ የለም፤ ኮከቡ እንኳ አልተሰወረ።
ደቻቱ ሲመጣ ስልክ አይደውልም።
እኔ ነኝ የሰማሁት፤ ከሩቅ፣ ድንጋይ ከድንጋይ ሲማታ፣
የባዶ ሸለቆ ጥርስ ሲፋጭ በጨለማ፣ በዝምታ።
በየአጥሩ ጮኽን፣ "ውኃ! ውኃ!"
አሸዋው ላይ የተኙት ልጆች ተነሡ፣
የሙሚና ሐብሐብ ከነጋሪው ወጣ፤
ከዚያ እሱ መጣ።

ሲነጋ ዳሩ ላይ ቆምን። ቡናማ ነው፤
አንድ ጫማ፣ ጀሪካን፣ የቁልቋል ግንድ ይዟል።
ጋሽ በዳሳ ባርኔጣቸውን አወለቁ።
"ዘግይቶም ቢሆን" አሉ፣ "መጥቷል።"

በሰባተኛው ቀን ጣሳው ተከፈተ፤ ቻርጅ ሰካሁ።
ሁለት መቶ አሥራ አራት ያመለጠ ጥሪ።
መርከቦቹ ሁሉ ያለ እኔ ደርሰዋል፤
አንዱም አልሰጠመ።
ስልኩ እስከ ዛሬ ሙጫ ሙጫ ይሸታል፤
ጆሮዬ ላይ ሳደርገው፣
"አቤት" ከማለቴ በፊት፣
ትንሽ እቆያለሁ።